ቪኞ ቬርዴ ለዓሣ ብቻ ነው? ከዶሮ ወጥስ ጋር ይስማማል?

ከጀርመን የደረሰው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ለልጃችን ክርስትና ፖርቹጋላዊት ጎረቤታችን ቪኞ ቬርዴ የሚባል የአገሯን ወይን ጠጅ ሁለት ጠርሙስ አመጣችልን። በአንደኛው ላይ የምርት ዘመን አልተጻፈም፤ በሁለተኛው ላይ ‹አልቫሪኞ› እና 2021 የሚል አለ። የመጀመሪያውን ስንከፍተው ምላስ የሚቆነጥጥ አረፋ ስለነበረው ባለቤቴ ተበላሽቷል ብሎ ደፋው። ስሙ ‹አረንጓዴ ወይን› ማለት ነው ስላሉን ካልበሰለ ፍሬ የተሠራ መስሎናል። ወይን ጠጅ ሲቆይ ይጣፍጣል ይባላልና ሁለተኛውን ለፋሲካ ብናቆየው ይሻላል? ከዶሮ ወጥ ጋርስ ይስማማል፣ ወይስ ለዓሣ ብቻ የሚሆን ነው?»

በጥያቄው ከተገለጸው ምልክት ብቻ ከተነሣን የተደፋው ወይን ጠጅ ጤነኛ ነበር። ምላስን ቆንጠጥ የሚያደርገው ቀላል ጋዝ የቪኞ ቬርዴ ጠባይ እንጂ ጉድለቱ አይደለም። በቀድሞው ጊዜ ጋዙ የሚፈጠረው እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ነበር፤ በብርዱ ወራት የታሸገው ወይን ጠጅ ፀደይ ገብቶ አየሩ ሲሞቅ፣ በውስጡ የቀሩት ባክቴሪያዎች ማሊክ አሲድ የሚባለውን፣ በአረንጓዴ አፕል ውስጥ በብዛት የሚገኘውን ኃይለኛ አሲድ፣ ለዘብ ወዳለው ላክቲክ አሲድ ይለውጡና በዚያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቁ ነበር። በዚህ መንገድ የሚገኘው ወይን ጠጅ ይደፈርስ ስለነበርና የአንዱ ጠርሙስ ጣዕም ከሌላው ስለሚለይ፣ ዛሬ ትልልቆቹ አምራቾች ወይን ጠጁን አጣርተው፣ ባክቴሪያውንም አስቀርተው፣ በሚታሸግበት ሰዓት ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምሩበታል። መጠኑ ግን ትንሽ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግፊቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 1 ባር የደረሰ ወይን ጠጅ ከፊል አረፋማ ይባላል፤ ሙሉ አረፋማ ለመባል ቢያንስ 3 ባር ያስፈልጋል። አብዛኛው ቪኞ ቬርዴ ከ1 ባር በታች ስለሚቆይ፣ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ እንጂ እንደ ሻምፓኝ አይገነፍልም።

መበላሸት የሚታወቀው በሌላ ምልክት ነው። ሽታው ወደ ኮምጣጤ ካደላ፣ እርጥብ ካርቶን ወይም ለብዙ ጊዜ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ከሸተተ፣ ወይም ፈዛዛ ሎሚ መሰሉ ቀለሙ ወደ ቡናማ ከሄደና ተቆርጦ የቆየ አፕል የሚመስል ጠረን ካመጣ፣ ያን ጊዜ መድፋት ተገቢ ነው። ጥርት ያለ፣ ሎሚና አረንጓዴ አፕል የሚሸት፣ ጥቃቅን አረፋ ያለው ቪኞ ቬርዴ ግን መሆን እንዳለበት ሆኖ ነው የቀረበው። በነገራችን ላይ ይህ መለኪያ ለሁሉም ወይን ጠጅ አይሠራም፤ አረፋ ሊኖረው በማይገባ ቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ተመሳሳይ መቆንጠጥ ካገኙ ጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ፈልቷል ማለት ስለሚሆን መጠርጠርዎ ልክ ነው።

ፍሬውም ያልበሰለ አይደለም። ቪኞ ቬርዴ የአንድ አካባቢ ስም ነው፤ በሰሜን ምዕራብ ፖርቹጋል፣ ከስፔን ጋር ድንበር ከሆነው ከሚኞ ወንዝ ጀምሮ ወደ ደቡብ የዶውሮን ወንዝ ተሻግሮ የሚዘልቅ፣ በምዕራብ አትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነፍስበት፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በሕግ የተከለለ የወይን ምድር ነው። በዚህ ስም ቀይም፣ ሮዝ ቀለም ያለው ሮዜም ይሸጣል። የአካባቢው ዝናብ ብዙ፣ በጋው ለዘብ ያለ፣ አፈሩ በአብዛኛው ከግራናይት ድንጋይ የተገኘ ስለሆነ፣ ፍሬው በስሎም ቢሆን አሲዱን ይዞ ይቆያል፤ ስኳሩም እንደ ደቡቡ አገር ስለማይከማች የአልኮል መጠኑ ዝቅ ይላል። ገበሬው ከእርጥበቱ ጋር ለመኖር ያበጀው ዘዴ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይታያል። የወይኑን ሐረግ በማሳው ዳር በቆሙ ዛፎች ላይ ወይም በግራናይት ምሰሶ በተደገፈ ከፍ ያለ ዳስ ላይ ይሰቅለዋል፤ ከሥሩ በቆሎ፣ ባቄላና ጎመን ይዘራል፤ ፍሬውን ሲለቅም ረጅም መሰላል ይጠቀማል። ቅጠሉ ከእርጥብ መሬት ስለሚርቅ ነፋስ ያገኘዋል፣ ሻጋታም ይቀንስለታል፤ ጠባቧ ማሳም እህልና ወይን ጠጅ ባንድነት ታበላለች። አዲሶቹ የወይን እርሻዎች ግን በሽቦ ላይ ዝቅ ብለው በተርታ የተተከሉ ስለሆኑ ፍሬያቸው የተሻለ ፀሐይ ያገኛል፣ እኩልም ይበስላል፤ የዛሬው ቪኞ ቬርዴ ከዱሮው የለዘበበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የተሰጡዎት ሁለት ጠርሙሶች አንድ ስም ይዘው ሁለት የተለያዩ መጠጦች ናቸው፤ የጥያቄዎ አብዛኛው መልስም እዚህ ላይ ይገኛል። የምርት ዘመን ያልተጻፈበት ጠርሙስ ከብዙ ዓይነት ፍሬ፣ በተለይም ከሎሬይሮ፣ ከትራዣዱራ፣ ከአሪንቶና ከአዛል ተቀላቅሎ የሚሠራ፣ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ9 እስከ 11 በመቶ የሚሆን፣ በወጣበት ዓመት እንዲጠጣ የታሰበ ነው። የሚማርከው በትኩስነቱ ነው፤ ሲቆይ ጋዙ ይሸሻል፣ ጠረኑ ይጠፋል፣ የሚቀረው ኮምጣጣነቱ ብቻ ይሆናል። «ወይን ጠጅ ሲቆይ ይጣፍጣል» የሚለው አባባል ለጥቂት ወይን ጠጆች እንጂ ለሁሉም አይሠራም፤ ለዚህኛው ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። ስለዚህ ከመደብር ሲገዙ ሽያጩ ፈጣን ከሆነበት ቦታ ይግዙ። ጠርሙሱ ነጭ መስታወት ከሆነ መስኮት ዳር ወይም መብራት ሥር ከቆመው ይልቅ ከመደርደሪያው ጀርባ ወይም ከካርቶኑ የወጣውን ይምረጡ፤ ብርሃን ቀለም በሌለው መስታወት አልፎ ወይን ጠጁን ያበላሸዋል፣ ቀደም ብዬ የጠቀስሁትን የጎመን ሽታ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱም ይህ ነው።

አልቫሪኞ ግን የአንድ ፍሬ ወይን ጠጅ ነው። ዋና አገሩ ሞንሳዎ እና ሜልጋሶ የሚባለው፣ በሚኞ ወንዝ ዳር ያለው የሰሜኑ ንዑስ ክልል ሲሆን፣ ተራሮች ከአትላንቲክ ነፋስ ስለሚከልሉት ከቀሪው ቪኞ ቬርዴ ይልቅ በጋው ይሞቃል፣ ዝናቡም ይቀንሳል። ወንዙን ተሻግረው በስፔን ወዳለችው ጋሊሺያ የገቡ እንደሆነ ይኸው ፍሬ አልባሪኞ ተብሎ ይጠራል። አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ12.5 እስከ 13.5 በመቶ ይደርሳል፤ አፍ ውስጥ ሞላ ያለ ነው፣ ኮክና የብርቱካን ልጣጭ የሚያስታውስ ጠረን አለው፣ አረፋው ደግሞ ትንሽ ነው ወይም የለም። በጥንቃቄ የተሠራ አልቫሪኞ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ ይሻሻላል። ስለዚህ የ2021ዱን እስከ ፋሲካ ማቆየት አይጎዳውም፤ ከዚያ በላይ ግን እንዲያቆዩት አልመክርም፣ ምክንያቱም በመኖሪያ ቤት ውስጥ እንደ ወይን ጓዳ ያለ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ የለም። ከምድጃና ከማቀዝቀዣው አናት አርቀው፣ ጨለማና ቀዝቃዛ በሆነ ቦታ፣ ክዳኑ ቡሽ ከሆነ አጋድመው ያስቀምጡት።

አሁን ወደ ምግቡ እንምጣ። «ነጭ ለዓሣ፣ ቀይ ለሥጋ» የሚለው ደንብ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በብዙ ቀይ ወይን ጠጆች ውስጥ ያለው ብረት ከባሕር ምግብ ስብ ጋር ሲገናኝ ያን ደስ የማይል የዓሣ ሽታ አፍ ውስጥ ያመጣዋል። ነገር ግን ደንቡ ዋናውን ጉዳይ ይስታል። የወይን ጠጁን ምርጫ የሚወስነው ሥጋው ወይም ዓሣው ሳይሆን ሳህኑ ላይ ያለው ኮምጣጣ፣ ጨው፣ ስብ፣ ጣፋጭና የሚያቃጥል ነገር ነው። ኮምጣጣና ጨዋማ ምግብ የወይን ጠጁን ኮምጣጣነት ያለዝበዋል፤ ጣፋጭ ምግብ በተቃራኒው ያጎላዋል፣ ወይን ጠጁንም ያቀጥነዋል። ስብ ያለው ምግብ አሲድ ይፈልጋል፣ ምላስን ያጥብለታልና። የሚያቃጥል ምግብ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አልኮልን ይጠላል፤ በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የሚነካው ሙቀትን የሚያውቀውን የነርቭ ተቀባይ ነው፣ አልኮልም ያንኑ ተቀባይ ስለሚያነቃ ሁለቱ ሲገናኙ ቃጠሎው ይጨምራል። በቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ያለው ድድ የሚያደርቅ ታኒንም ይህንኑ ያባብሳል።

ይህንን በራስዎ ምላስ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቀዝቃዛ ቪኞ ቬርዴ ብቻውን አንድ ጊዜ ይጎንጩ፤ ጉንጭ የሚሰበስብ ኮምጣጣነት ያገኛሉ። ከዚያ ሎሚ የተጨመቀበት የቲማቲም ሰላጣ በእንጀራ ጠቅልለው ይጉረሱና መልሰው ይጎንጩ። ያው ወይን ጠጅ ለዝቦ፣ ፍሬ ፍሬ እያለ፣ ጣፋጭ መስሎ ይመጣል። እንጀራ ራሱ በእርሾ ቦክቶ የኮመጠጠ ስለሆነ፣ ብዙ ሰው የሚወዳቸው ዝቅተኛ አሲድ ያላቸው፣ በኦክ በርሜል የቆዩ ነጭ ወይን ጠጆች አጠገቡ ሲቀርቡ ሙት ይሆናሉ። ለእንጀራ ገበታ ነጭ ወይን ጠጅ ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሜ አሲዱ ከፍ ያለውን የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቪኞ ቬርዴም በዋጋውም በአሲዱም ከሚሻሉት አንዱ ነው።

በአገሩ እንዴት እንደሚቀርብ ማየት ይህንኑ ያጠናክራል። በፖርቶ በሰኔ ወር በቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዋዜማ በየመንገዱ የሚጠበሰው ሰርዲን ስባም፣ ጨዋማና ጭስ ጭስ የሚል ነው፤ ቀዝቃዛው ቪኞ ቬርዴ ስቡን ያጥባል፣ ጨው ደግሞ አሲዱን ያለዝባል። በነጭ ሽንኩርት፣ በድንብላል ቅጠልና በሎሚ የሚሠራው ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር ምግብ ክላም፣ ድንችና በቀጭኑ የተከተፈ ጎመን ያለው ካልዶ ቬርዴ ሾርባ፣ ከሞዛምቢክና ከአንጎላ ጋር በነበረው ግንኙነት ወደ ፖርቹጋል የገባው የፒሪ-ፒሪ ዶሮ፣ ሁሉም ከቀላሉ ጠርሙስ ጋር ይሄዳሉ። ባካልያው የተባለው በጨው የደረቀ ዓሣ ግን ይለያል። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ውኃው እየተቀያየረ ተዘፍዝፎ፣ ከድንች፣ ከሽንኩርት፣ ከእንቁላልና ከብዙ የወይራ ዘይት ጋር ሲጋገር ከባድ ምግብ ስለሚሆን ቀላሉ ቪኞ ቬርዴ አይበቃውም፤ አልቫሪኞ ወይም በደቡብ ምሥራቅ፣ በዶውሮ አቅራቢያ ካለው ከባያዎ የሚመጣውን አቬሶ ይፈልጋል። የሚኞ ሰዎች ራሳቸው ደግሞ የተጠበሰ ሰርዲንን ቪኛዎ ከተባለው፣ ቀለሙ ወደ ጥቁር ከሚያደላው ቀይ ቪኞ ቬርዴ ጋር በሸክላ ጽዋ ሲጠጡ ይኖራሉ፤ ለእንግዳ ሰው ግን ይህን እንደ መጀመሪያ ልምምድ አልመክረውም።

ዶሮ ወጥ ከእነዚህ ሁሉ የሚከብድበት ምክንያት አለው። ለረጅም ሰዓት የተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭ ነው፤ ንጥር ቅቤው ስብ ነው፤ በርበሬው ያቃጥላል፤ እንጀራው ይኮመጥጣል። የአልቫሪኞ አሲድ ለቅቤውና ለእንጀራው ተስማሚ ቢሆንም፣ 13 በመቶ አልኮሉ በርበሬውን ያጋግለዋል፤ ሽንኩርቱም ፍሬውን ይሸፍንበታል። ጥሩ አልቫሪኞ ከደማቅ ዶሮ ወጥ ጋር ሲቀርብ የሚጎዳው ወጡ ሳይሆን ወይን ጠጁ ነው። ለዚህ ምግብ የሚሻለው ያ የደፋችሁት ዓይነት ጠርሙስ ነው፤ አልኮሉ ዝቅተኛ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት ስኳር እንዲቀርበት ተደርጎ ስለሚሠራ ቃጠሎውን ያበርዳል፣ ለሽንኩርቱም ጣፋጭነት ይመጥናል። በጠርሙሱ ጀርባ ላይ «ሜዮ ሴኮ» የሚል ካገኙ ከፊል ደረቅ ማለት ነው፤ ስኳሩ በሊትር እስከ 12 ግራም፣ አሲዱ ከፍ ካለ ደግሞ እስከ 18 ግራም ሊደርስ ይችላል። «ሴኮ» የሚለው ደረቁ ነው፤ ለበርበሬ ገበታ ሁለተኛ ምርጫ ይሁን። ገደቡንም ልንገርዎ፦ በርበሬው እጅግ የበዛበት ወጥ፣ ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ክትፎ ወይም አዋዜ የገባበት ጥብስ ማንኛውንም ደረቅ ነጭ ወይን ጠጅ ያሸንፋል፤ ጋዙም ምላስ ላይ ያለውን ቃጠሎ ይጨምረዋል እንጂ አያበርደውም። ለእነዚህ ቪኞ ቬርዴ አይግዙ።

ዶሮው አልጫ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። እርድ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ቅቤ ያለው፣ በርበሬ ያልነካው አልጫ ለአልቫሪኞ የተመቸ ነው፤ ዝንጅብሉ ከፍሬው ጠረን ጋር ይገጥማል፣ አሲዱም ቅቤውን ያቀለዋል። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ሎሚ ተጨምቆበት ሲቀርብም እንዲሁ ነው። በዘይት የተሠሩት ጎመን፣ ድንችና ካሮት፣ አልጫ ክክ እና የቲማቲም ፍትፍት ከቀላሉ ቪኞ ቬርዴ ጋር በደንብ ይሄዳሉ፤ በተለይ በዚያው በቪኞ ቬርዴ ምድር በሊማ ወንዝ ሸለቆ ከሚበቅለው፣ የአበባና የሎሚ ቅጠል ጠረን ካለው ሎሬይሮ ጋር። ለክርስትናው ኬክ ግን ሁለቱም አይሆኑም፤ ከጣፋጭ ጋር የሚጠጣ ወይን ጠጅ ከጣፋጩ በላይ ጣፋጭ ካልሆነ አፍ ውስጥ ኮምጣጤ ይመስላል።

አቀራረቡ ከምርጫው አያንስም። ቀላሉን ከ8 እስከ 10፣ አልቫሪኞውን ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አድርገው ያቅርቡ። ባልዲ ውስጥ በረዶና ውኃ ቀላቅሎ ጠርሙሱን ሃያ ደቂቃ ማቆየት ይበቃል፤ በረዶ ቤት አስገብቶ መርሳት ግን ጠርሙሱን ሊያፈነዳ ይችላል። ብርጭቆው ላይ ጥቂት ጥቂት እየቀዱ ቀሪውን በቅዝቃዜ ያቆዩት። ሌላው ማስጠንቀቂያ ስለ አልኮሉ ነው። ቀላልና የሚያረካ በመሆኑ እንደ ለስላሳ መጠጥ የሚጠጡት አሉ፤ 9 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ግን ወደ 53 ግራም ንጹሕ አልኮል ይዟል፣ ይህም 5 በመቶ ከሆነ ግማሽ ሊትር ቢራ ከሁለት ተኩል በላይ ነው። ልጁን የሚያጠቡ ከሆነ አንድ ብርጭቆ ከጠጡ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አያጥቡ፤ የተሻለ ምክር የሚሰጥዎ ግን ሐኪምዎ ነው። አስም ያለበት እንግዳ ካለም በጠርሙሱ ላይ «ሰልፋይት ይዟል» (ሰልፋይት የወይን ጠጅ ማቆያ ንጥረ ነገር ነው) የሚለውን ያሳዩት። ከረጅሙ ጾም በኋላም ባዶ ሆድን በወይን ጠጅ መጀመር አይገባም፤ መጀመሪያ ይብሉ።

ውሳኔዬ ይህ ነው፦ የ2021ዱን አልቫሪኞ ለፋሲካው ዶሮ ወጥ አይክፈቱት። በጾሙ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት፣ የተጠበሰ ዓሣ ወይም አልጫ በሚሠራበት ቀን፣ ጎረቤትዎን ጋብዘው አብራችሁ ጠጡት። ለዶሮ ወጡ በበዓሉ ሳምንት፣ አስቀድመው ሳይሆን፣ አልኮሉ ከ10 በመቶ የማይበልጥ፣ ቢቻል «ሜዮ ሴኮ» የሆነ ትኩስ ቪኞ ቬርዴ ይግዙ፤ ለስድስት ሰው ሁለት ጠርሙስ ይበቃል። ከተረፈ ክዳኑን መልሰው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስገቡት። ጋዙ በማግስቱ ቢቀንስም ወይን ጠጁ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ዓሣ ሲጠበስ በነጭ ሽንኩርቱ ላይ አፍስሰው ያስጨርሱት።